የጨጓራ ነው ያልሁት ክኒን

እሑድ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የገዛሁት ሥርዓት የጣሱ ተማሪዎችን ስምና ጥፋት ልመዘግብበት ነበር። በመጀመሪያው ገጽ የራሴን አሰፍራለሁ። ስም፦ አይሸሽም ዘለቀ። ዕድሜ፦ ሃምሳ ሁለት። ሥራ፦ ቡራዩ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት የአማርኛና የሥነ ምግባር መምህር፣ የሥርዓት ኃላፊ። ጥፋት፦ ፀጉር ያበቅላል የተባለ ክኒን መዋጥ።

ሌላ ሰው ቢያደርገው ምን እለው እንደ ነበር አውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በወላጆች ቀን ነው። ስለ ትሕትና ንግግር ሳደርግ ወጣቱ የስፖርት መምህር ዳኜ ከመድረኩ ጀርባ ቆሞ በስልኩ ቀረጸኝ፤ ቪዲዮውም በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ንግግሬን ልሰማ ከፈትሁት፤ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ያየሁት ተመልጦ የሚያብለጨልጭ የገዛ አናቴን ነው። በቤተ ክርስቲያን ስቆም ጥምጥም አለኝ፤ በመስተዋትም ሰው ፊቱን እንጂ አናቱን አያይም። ከሥሩ አንድ ተማሪ «የኔታ ሶላር አስገጠሙ እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ስልሳ ሦስት ሰው ስቆበታል።

መሐል አዲስ አበባ ለማያውቀኝ የቆዳ ሐኪም ታየሁ። መድኃኒቱን ግን ቡራዩ ልገዛ አልችልም፤ እዚህ በየመድኃኒት ቤቱ ያስተማርሁት ልጅ ቆሟል። ትናንት ሱሉልታ ድረስ ሄድሁ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ረምዚያ የምትባል፣ ሒጃብ የለበሰች ወጣት ሴት ናት። የሐኪሙን ማዘዣ አንብባ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ከዚህ በፊት ድብርት ይዞዎት ያውቃል? ከባድ ሐዘን፣ ሰው የማስጠላት፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር?»

«ድብርት የሚይዘኝ ሰው እመስላለሁ?»

«እሱ እኮ በመልክ አይታወቅም» ብላ ፈገግ አለች። «ብዙ ሰው ላይ ምንም አያመጣም፤ አንዳንዱ ላይ ግን ስሜት ይለውጣል። እንደዚያ ከሆነብዎት ያቁሙትና ለእኔም ለሐኪምዎም ይንገሩን። ሌላው፣ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች እንዳትነካው። መዋጥማ በጭራሽ፤ ፅንስ ይጎዳል።»

ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ቆመው ስለ ነበር ቶሎ እንድትጨርስ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ወንድሜ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛቴን አልነገርኋትም። ያ ሐዘን ነው፤ ድብርት አይደለም። ነፍሰ ጡር ደግሞ በቤቴ የለችም። ልጄ ቤተልሄም እርጉዝ ብትሆንም የምትኖረው ሰበታ፣ ከባሏ ጋር ነው።

ካርቶኑን ከነመመሪያው ወረቀት ምድጃ ውስጥ ጨምሬ አቃጠልሁት። ክኒኑንም አምና በጨረስሁት የጨጓራ መድኃኒት ብልቃጥ ገለበጥሁት። ባለቤቴ ማሪቱ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። «ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል» አልኋት። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ነጭ ውሸት ስዋሻት ይህ የመጀመሪያው ነው።


ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የፈተና ሰሞን ነው። ጊዜ የለኝም።

ዳኜ ፀጉሩን ሹሩባ ተሠርቶ መጣ። በመምህራን ስብሰባ ላይ አስቆምሁት። «መስተዋት ፊት የሚያድር መምህር ምን ያስተምራል?» አልሁ። በማግሥቱ ተላጭቶ መጣ።

ክኒኑን ዛሬም ጠዋት ወስጃለሁ።


እሑድ፣ ሰኔ 29

በዚህ ሳምንት አራት ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። የተሰማ ድምፅ የለም፤ ያየሁት ሕልምም የለም። ብቻ አንድ አስፈሪ ነገር በሩ ላይ ደርሶ ልክ ልነቃ ስል የተመለሰ ይመስለኛል። ዳዊት ለመድገም አፌን ስከፍት፣ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው መዝሙር ከመካከሉ ጠፋብኝ።

ድካም ነው። የተማሪዎቹን ውጤት ሰብስቤ ስጨርስ ይለቀኛል።

ከማሪቱ ጋርም እንደ ቀድሞው አይደለሁም። የባልና ሚስት ነገር በደብተር አይጻፍም።


ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ትምህርት ተዘጋ። ዝናብ። አለቀቀኝም።

ሰው ወደ ቤት ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ዕድሩ ለስብሰባ ጠራኝ፤ አመመኝ አልሁ። ውሸት ሁለት።

ጎረቤታችን አጣና ነጋዴው ኦቦ ሊቤ በአጥሩ በኩል «አካም ቡልታን፣ የኔታ?» ይለኛል በየጠዋቱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እንዴት አደርህ ለሚለኝ ሁሉ ሳላስብ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ዛሬ ግን ካልሁት በኋላ ሌላ እንዳይጠይቀኝ ቶሎ ወደ ቤት ገባሁ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ማሪቱ ብርጭቆ ሰበረች። አለቀስሁ።

እውነቱን ለመጻፍ ነው ይህን የያዝሁት፣ ስለዚህ ልጻፈው፦ ስድሳ ብር የማያወጣ ብርጭቆ ወድቆ ቢሰበር ሃምሳ ሁለት ዓመት የሆነኝ ሰው የያዘውን እንደ ተቀማ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ማሪቱ መጥረጊያውን ይዛ ቆማ ቀረች።

ከቀትር በኋላ ለቤተልሄም ስልክ ስታወራ ሰማኋት። «አባትሽ ሰው አልሆነም እኮ፣ ቤቲ። አይበላም፣ አይስቅም... አይ፣ ጨጓራው ብቻ አይመስለኝም። ኧረ ምኑን ልጠይቀው? ብጠይቀው ያው ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ነው።»

ራሴን መረመርሁ። ያልተናዘዝሁት ኃጢአት ይኖራል። ሰውን በአደባባይ ማሳፈር? ትዕቢት? ከእነዚህ ለአንዱ ቅጣት ሳይሆን አይቀርም ይህ የወረደብኝ። ኃጢአት እንጂ ሌላ ምን ሰውን ከውስጥ እንዲህ ያደርገዋል?

መስተዋት ፊት አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። አናቴ ላይ ጥቂት ለስላሳ ነገር የበቀለ መሰለኝ። ወይም ብርሃኑ ነው። ክኒኑን ዋጥሁ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

እግሬን ላፍታታ ብዬ እስከ ገፈርሳ ግድብ ሄድሁ። ውኃው ሞልቷል። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሜ ሳየው አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የእኔ ሐሳብ አይደለም፤ እኔ እንዲህ ያለው ሐሳብ ኃጢአት መሆኑን ሲያስተምሩ ሰምቼ ያደግሁ ነኝ። ግን በራሴ ድምፅ ነው የተናገረኝ።

ሮጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በካፖርትና በቆዳ ጫማ፣ በጭቃ ውስጥ ሮጥሁ።

ራሴን ፈራሁ። ከዚህ በፊት የፈራሁት ነገር ሁሉ ከደጅ ነበር፤ ቤት ገብቶ በር መዝጋት ይቻላል። አሁን ምኑን ልዝጋ?

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ሰበታ አጠገብ ወዳለው ገዳም ሱባኤ እገባለሁ። አሥራ ስድስቱን ቀን ሙሉ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 2፣ ሰበታ

ገባሁ። አርባ ያህል ወንዶች በአንድ አዳራሽ እንተኛለን። ሲመዘግቡን አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ እያንዳንዱን ይጠይቃሉ።

«የሐኪም መድኃኒት የምትወስድ ነህ?»

ከፊቴ የነበረው «የስኳር» አለ።

«በል እንዳታቋርጥ። ጸበሉንም ትጠጣለህ፣ እሱንም ትወስዳለህ። ደብቆ የሚመጣ ሰው አለ፤ እኛንም ያስቸግራል፣ ራሱንም ይጎዳል። አንተስ፣ መምህር?»

አርባ ሰው ይሰማል። «የለኝም፣ አባቴ።»

ውሸት ሦስት፤ እርሱም በገዳም። ብልቃጡን ቤት ትቼው መምጣቴ መልካም ሆነ። እዚህ በሰው መካከል ምን ብዬ እውጠዋለሁ?


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ሰበታ

ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። እንዲህ ስተኛ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው።

ዛሬ ከእኔ ቀጥሎ የሚተኛው ከተጂ የመጣ ገበሬ፣ ጸበሉ ሲቀዘቅዝበት «ኧረ አባቴ፣ ኃጢአቴ እንዲህ የሚያስጮህ አልነበረም!» ብሎ ሲዘል ሳቅሁ። ሳቄን ራሴ ሰማሁት። ከሰኔ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ዳዊቱ ተመለሰልኝ። ሳልሳሳት ደገምሁት። ተመስገን። ለአሥራ ሁለት ቀን ጸበል ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ከኃጢአቴ ጋር የመጣ ነበር፤ ከኃጢአቴ ጋር ሄደ።


እሑድ፣ ነሐሴ 18፣ ቡራዩ

ቤቴ ገባሁ። ማሪቱ በሩ ላይ ቆማ ፊቴን አየችና «መጣህ?» አለች። ወጥቼ መግባቴን ሳይሆን ሌላ ነገር እንደ ጠየቀችኝ ገባኝ። «መጣሁ» አልኋት።

ቤተልሄምም ዛሬ ከሰበታ ጓዟን ይዛ መጣች። ባሏ እዚያው ሆስፒታል አጠገብ ትውለድ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት። ሴት ልጅ የበኩር ልጇን በእናቷ ቤት ትወልዳለች፤ እኛ ያደግንበት ወግ ይህ ነው። ሆዷን ይዛ እየተንገዳገደች ገባችና «አባዬ፣ ወፍረሻል አትበሉኝ፣ አንድ እኔ ብቻ አይደለሁም» አለች። ቤቱ ሳቀ።

ክኒኑን ቀጥያለሁ። አሥራ ስድስት ቀን ባክኗል፤ ስለዚህ ለጊዜው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ምን በደልሁ? ጾሙን ጨርሻለሁ። ቆርቤአለሁ።


እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ሰዉ የጳጉሜን ዝናብ ልጠመቅ ብሎ ጠዋት ሜዳ ወጥቶ ነበር። እኔም ራሴን ገልጬ ቆምሁ። ዝናቡ አናቴን ሲመታኝ የሚታየኝ ቪዲዮው ነበር። ምን ያህል ከንቱ ሰው እንደ ሆንሁ!

ከቀድሞው ይከፋል። አሁን ቀንም አይተወኝም። ማሪቱ ምግብ ስታቀርብልኝ እጇን አያለሁና ‹ያለ እኔ ይሻላት ነበር› እላለሁ። ቤተልሄም ስትስቅ ጓዳ እገባለሁ። የሚወለደው ሕፃን እንዲህ ያለ አያት እንዳያይ እመኛለሁ፤ ከዚያም ምን መመኘቴ እንደ ሆነ ሲገባኝ ብርድ ይወርረኛል።

ማሪቱ አልጋ ላይ ሳለን በጨለማው ውስጥ «ከሰበታ ስትመጣ እኮ ደህና ነበርክ» አለች። «ምን ተገኘ ታዲያ ከዚያ ወዲህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኋት።

ወደ እኔ ዞረች። «እሱማ ይመስገን። እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ።


ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

አሁን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ዕድር መሄዴ ነው ብዬ ወጣሁ። የሄድሁት ወደ ገፈርሳ ነው። ለምን እንደ ሄድሁ ለማሪቱ ነግሬአታለሁና እዚህ መድገም አያስፈልግም። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«የት ነህ?» ማሪቱ ናት። «ቤቲን ቃር ገደላት። ጤና ጣቢያውም ዛሬ ተዘግቷል አሉ። ያንተን የጨጓራ መድኃኒት አንድ ልስጣት?»

«ማሪ—» አልሁ። መስመሩ ተቆረጠ።

መልሼ ደወልሁ፤ አይሠራም። እንደገና፤ አይሠራም። የሱሉልታዋ ሴት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ መዋጥማ በጭራሽ። ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ከሆለታ የሚመጣ ሚኒባስ እጄን ዘርግቼ መካከሉ ላይ አቆምሁ።

«አባት፣ ሊገድሉን ነው እንዴ!» አለ ረዳቱ። «ግቡ፣ ግቡ። ጠጋ በሉላቸው።»

የተጠጋልኝ ሰው ዳኜ ነበር። ስልኬን ደጋግሜ ስነካ አየኝ።

«የኔታ፣ ምን ሆኑ?»

«አይገባም። ቤት ልደውል... አይገባም።»

ሌላ አልጠየቀኝም። የራሱን ስልክ አውጥቶ ሰጠኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። በሦስተኛው ጠራ።

«አትስጫት! ማሪቱ፣ አትስጫት!»

«ምኑን? ማነው? አንተ ነህ?»

«ክኒኑን! የጨጓራ አይደለም!»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው አለ። ሁለቱን ወላጆች አውቃቸዋለሁ፤ ልጆቻቸውን በፀጉር ቁርጥ ምክንያት ከክፍል ያስወጣሁባቸው ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ ይህን አንድ ቃል ላለመናገር ዋሽቻለሁ፣ ተደብቄአለሁ፣ ሰበታ ድረስ ሄጃለሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ደግሞ እርሱን ከመናገር ሌላውን መርጬ ነበር።

«የፀጉር ነው!»

«የምን? አልሰማሁህም!»

«የፀጉር! አናቴ ላይ ፀጉር እንዲበቅል የምውጠው ነው! ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ፅንሱን ይጎዳል! ከአፏ አውጪው!»

ከስልኩ የራቀ ድምፅዋ «ቤቲ፣ አምጪው እሱን። አምጪው አልኩሽ!» ሲል ተሰማኝ። ተመለሰች። «እጇ ላይ ነበር። ውኃ እስክቀዳላት ነው የጠበቀችው። ተቀብያታለሁ። ሰማህ? አልዋጠችም።»

ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ፦

«አባት፣ የሚያበቅል ከሆነ ስሙን ንገሩን እንጂ። ሹፌራችን በጣም ያስፈልገዋል።»

«አንተን አሁን ነው የማወርድህ!» አለ ሹፌሩ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። አንዷ ወላጅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የፈራሁት ነገር በሙሉ መጣ፤ ሳቁ ግን እንደ ጠበቅሁት አልገደለኝም። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርሁ፤ ማቆምም አልቻልሁም። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ዳኜ ትከሻዬን ያዘ። «የኔታ፣ ያንን ቪዲዮ የለቀቅኩት እኮ ንግግርዎን ስለወደድኩት ነው» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«ከገፈርሳ ነው የምመጣው» አልሁት። ሌላ አልጨመርሁም።

አየኝ። ጭቃ የያዘ ጫማዬን አየ። «እሺ» አለ። «ቤት አደርስዎታለሁ። ብቻዎን አይሄዱም።» እኔ ፀጉሩን ያስላጨሁት ልጅ እስከ ሳሎኔ ድረስ ክንዴን አልለቀቀም።

ማሪቱ ትጮኻለች ብዬ ነበር። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኋት፤ ሌሊቱን፣ ፍርሃቱን፣ ግድቡን። ግድቡን ስነግራት እጄን ያዘች፤ ቃሌን እስክጨርስም አልለቀቀችውም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሰበታ ይዘኸው ሄደህ ነበር?»

«አይ። እዚሁ ትቼው ነበር።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «ስትጀምር ታመምክ። ስትተወው ተሻለህ። ስትመለስበት...»

«የተሻለኝ በጸበሉ ነው» አልሁ።

«ጸበሉን ማን ካደ? እሱ አዳነህ። ክኒኑን የመለስከው ግን አንተ ነህ።»

ለሰላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ይህን ሒሳብ ግን በጣቶቿ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እስከ ዛሬ በዚህ ደብተር ስሙን ለመጻፍ አፍሬ ነበር። ፊናስተራይድ ይባላል።


ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ማሪቱና እኔ ሱሉልታ ሄድን። ረምዚያ ወዲያው ለየችኝ። የሆነውን ስንነግራት «ነግሬዎት ነበር» ትለኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ አላለችኝም።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ከጀመርሁት በአንድ ወር ገደማ።»

«በፊትስ እንዲህ ሆነው ያውቃሉ?»

«አይ...» ማለት ስጀምር ማሪቱ ቀደመችኝ። «ወንድሙ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን አልተነሣም።»

ረምዚያ ራሷን ነቀነቀች። «በቀን ስንት ነበር የሚወስዱት?»

«ከነሐሴ ወዲህ ሁለት ሁለት።»

«ያ ረቢ!» አለችና አፏን ያዘች። ዛሬውኑ እንዳቆም፣ ነገር ግን ነገ ጠዋት እንደሚለቀኝ እንዳልጠብቅ፣ ሳምንታት ሊወስድ እንደሚችል ነገረችን። የአእምሮ ሐኪም ማየት ግዴታ መሆኑን አስረድታ የምታውቀውን ሐኪም ስልክ ጻፈችልን። ለማሪቱ «ብቻቸውን አይተዉዋቸው። ቤት ያለውንም መድኃኒት ሁሉ እርስዎ ይያዙት» አለቻት። ስለ ልጃችን ስንጠይቃት «ካልዋጠችው ምንም አይደል፤ ቢሆንም ለሐኪሟ ትንገር» አለች።

ስንወጣ ማሪቱ «የአእምሮ ሐኪም» የሚለውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን እጄ ውስጥ አደረገችው። ይዤው ታክሲ ጠበቅሁ። ማንም አላየኝም። ቢያዩኝስ።


ዓርብ፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሐኪሙን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ትናንት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለ ሶላሩ ሁሉም ሰምቷል፤ ስለ ሚኒባሱም። በሰልፉ ፊት ራሴን ገልጬ ቆምሁ። ከኋላ አንዱ አጉረመረመ፤ ስሙን አልመዘገብሁም።

ፍርሃቱ አልሄደም። ሌሊት አሁንም ያነቃኛል፤ ግን በየቀኑ አይደለም። ይመለስ ይሆን ብዬ የምፈራው ፍርሃት ከራሱ ከፍርሃቱ የበለጠበት ቀን አለ።

ዛሬ ጠዋት ማሪቱ እንደ ሁልጊዜው ሻይ አስቀምጣ «እንዴት አደርክ?» አለችኝ።

አፌ ‹እግዚአብሔር› ብሎ ጀመረ። አቆምሁት።

«ፈርቼ አደርሁ» አልኋት።

ማንኪያውን አስቀመጠችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እሺ» አለች። «ከየትኛው ሰዓት ጀምሮ?»